ከመቶ መቶ አንድ ነጥብ አራት

ዘነቡ አሰላ ላይ አሥራ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ስታስተምር መቶ ከመቶ ያመጣች ተማሪ የገጠመቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷንም አላምን ብላ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አርማዋለች። ከመቶ መቶ አንድ ነጥብ አራት ያመጣ ግን፣ ሰውም ይሁን ዕቃ፣ አይታ አታውቅም። አሁን ይኸው ያ ቁጥር ሳን ሆዜ ድረስ መጥቶ፣ በገዛ እጅ ጽሕፈቷ፣ የእያንዳንዱ ዙር ምርት በሚመዘገብበት የፋብሪካው ባች ሪከርድ ላይ ተቀምጦ ያፈጥጥባታል።

ፋብሪካዋ ትንሽ ናት። የምታመርተው ካልሲየም ሲትሬት የሚባል ነጭ ዱቄት ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎች ይገዙትና የአጥንት ክኒን ያደርጉታል። አሠራሩ ሲወራ ቀላል ነው። ጠመኔ የመሰለ ካልሲየም ካርቦኔት ውሃ ያለበት ትልቅ ታንክ ውስጥ ይገባል፤ ሲትሪክ አሲድ ቀስ እየተባለ ይጨመርበታል፤ ይፍለቀለቃል፣ አረፋው ይወርዳል፤ ከዚያ ይጣራል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ሃምሳ ኪሎ ካርቦኔት ገብቶ፣ አንዲት ቅንጣት ሳትባክን ሁሉም ቢለወጥ፣ አሲዱም አብሮት ስለሚቋጠር፣ ዘጠና አምስት ኪሎ መውጣት አለበት። ይህ የሚጠበቀው ምርት ነው። የሚገኘው ግን ሁልጊዜ ከዚያ ያንሳል። ጨርቅ ላይ የሚቀር አለ፣ ከውሃ ጋር የሚሄድ አለ። ፋብሪካዋ ለዓመታት የምታገኘው ሰማንያ ስድስት ኪሎ ተኩል ነበር፤ ከመቶ ዘጠና አንድ መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉም ሰው ረክቶ ይኖር ነበር፤ ከዘነቡ በስተቀር።

ዘነቡ በዲቪ ከመጣች አምስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ኦክላንድ ውስጥ አረጋውያን ተንከባከበች፤ ቀጥሎ አላሜዳ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሸገች፤ እዚህ ስትቀጠርም ኦፕሬተር ተብላ ነው። ቫልቭ መክፈት፣ ቫልቭ መዝጋት፣ ማጠብ፣ መጥረግ። አስተማሪ ነበርሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም ልናገር አላለችም። ነገር ግን አንድ ነገር ሆዷን ይበላት ነበር። ሰዎቹ ታንኩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ፣ ያጣራሉ፣ ከዚያ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ያጥባሉ። ለምን ስትላቸው፣ "ሙቅ ውሃ ያሟሟዋላ!" ይሏታል። ስኳር ቢሆን ልክ ናቸው። ይህ ዱቄት ግን እልኸኛ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይሟሟል፣ ሲሞቅ ይረጋል። የሚጠፋው ስምንት ኪሎ ተኩል አብዛኛው ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ወደ ፍሳሽ ሲወርድ ቆማ ታያለች።

ባለፈው ወር የፕሮሰስ ቴክኒሽያኑ ሥራ ለቀቀ። ዘነቡ ሁለት ቀን አሰበች፤ በሦስተኛው ቀን የፋብሪካዋ ኃላፊ ሚስ ትራን ቢሮ ገባችና ሳትቀመጥ ተናገረች። በሙቁ እናጣራ፣ በሙቅ እንጠብ፤ ከመቶ ዘጠና ሰባት እናገኛለን። ሚስ ትራን ቁጥር እንጂ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። "ሦስት ሙከራ እሰጥሻለሁ" አለቻት። "ካሳመንሽኝ የቴክኒሽያኑ ቦታ ያንቺ ነው። ካላሳመንሽኝ ከውጭ ሰው እቀጥራለሁ፤ ስለ ሙቅ ውሃም ሁለተኛ አናወራም።"

ዘነቡ ያን ቀን ባርት በሚባለው የከተማ ባቡር ውስጥ መቀመጫ እያለ ቆማ ነው ኦክላንድ የደረሰችው። ደስታው በአንድ እግሯ አቁሟት ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ስሟን አስተካክሎ እንዲጠራላት እንኳን ሳትጠይቅ የኖረች ሴት፣ አሁን የምታውቀውን ልታሳይ ነው።

በዚያው ሳምንት እትዬ ወርቂቱ ከማሸጊያ ወደ ሚዛን ክፍል ተዛወሩ። እትዬ ወርቂቱ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ልጃቸው ያስመጣቻቸው፣ መርካቶ እህል በረንዳ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ምስርና ሽምብራ የሸጡ ሴት ናቸው። ዘነቡና እሳቸው ኦክላንድ ውስጥ ጎረቤት ናቸው፤ ጠዋት አብረው ይሄዳሉ፣ ማታ አብረው ይመለሳሉ። ሙከራው የዘነቡ መሆኑን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፍተው፣ "አንቺ ብቻ እዘዢ፤ ሚዛኑን ለኔ ተይው" አሏት። ሃምሳ ኪሎውን በአምስት ባልዲ፣ አሥር አሥር ኪሎ አድርገው መዘኑላት፤ እያንዳንዱ ባልዲ ላይ ሚዛኑ ያተመውን ቲኬት ለጠፉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ማክሰኞ ተጠናቀቀ። ዱቄቱ ደርቆ ሚዛን ላይ ሲወጣ ዘጠና ስድስት ነጥብ ሦስት ኪሎ አለ። ዘነቡ እጇን ወደ ላይ ወርውራ "ተመስገን!" አለች። ደስታዋ ከሂሳቡ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ሂሳቡ ሲደርስ ግን እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ዘጠና ስድስት ነጥብ ሦስት፣ ለዘጠና አምስት ሲካፈል፣ መቶ አንድ ነጥብ አራት ከመቶ።

ይህ አይሆንም። ሃምሳ ሳህን ይዞ ሃምሳ አንድ እንግዳ በየሳህኑ ማብላት አይቻልም፤ ማንኪያው መቶ ቢሆን ሳህኑ ሲያልቅ ያው አለቀ ነው። እዚህ ላይ ሳህኑ ካርቦኔቱ ነው። አሲዱ ሆን ተብሎ ተርፎ ነው የሚገባው፤ ልኩን የሚወስነው ካርቦኔቱ ብቻ ነው። ሃምሳ ኪሎ ካርቦኔት ከዘጠና አምስት በላይ አንዲት ግራም ሊወልድ አይችልም።

ሐሙስ ሁለተኛው ሙከራ ወጣ። ዘጠና ስድስት ነጥብ ሁለት ኪሎ። ይኼም ከመቶ በላይ ነው።

ዓርብ ስብሰባ ተጠራ። የጥራት ክፍሉ ሚልክያስ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሚልክያስ ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ አማርኛ ሲወራ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድመዋል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሥራው መጠርጠር ስለሆነ ነው የሚጠረጥረው።

"ሊስን፣ ዘነቡ" አለ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። "አይም ኖት ሴዪንግ ውሸት ነው። ባት ኦቨር ሃንድረድ ኢዝ ኢምፖሲብል። ወይ ፕሮዳክቱ ዌት ነው፣ ውሃ ይዟል፣ ኦር..."

ሳይጨርሰው ቀረ። የጨረሰለት ኤርምያስ ነው። ኤርምያስ ለዘጠኝ ዓመት በቀዝቃዛ ውሃ ሲያጥብ የኖረ ኦፕሬተር ነው፤ ሙቅ ውሃ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይኮሳተራል። "ወይም ቁጥሩ ተቀቅሏል" አለ፣ ጣሪያውን እያየ። "ያው ሙቅ ውሃ በዝቶ።"

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ዘነቡ ቆሽቷ አረረ፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ሰው እንደፈለገ ይሳቅባት፤ እጇ ቁጥር አጭበረበረ መባሉን ግን ልትሸከመው አልቻለችም። ቁጥሩ ደግሞ በእርግጥም የሚሆን ቁጥር አይደለም።

ሚስ ትራን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና፣ "እስከ ሰኞ ምክንያቱን አምጪልኝ" አለቻት። "ትርፉ ከየት እንደመጣ ካላወቅን ሦስተኛ ሙከራ የለም።"

ዘነቡ የቀረውን የሥራ ሰዓት ፍለጋ ላይ ዋለች። ተማሪዎቿን ታስተምር እንደነበረው አደረገች፤ ቀድማ የገዛ ራሷን ጠረጠረች። ሂሳቡን ከመጀመሪያው ሠራችው፤ ያው ነው። ከዱቄቱ ቆንጥራ እርጥበት መለኪያው ላይ አስቀመጠች፤ ውሃው መሆን ያለበት ልክ ነው፣ ጠብታ አልጨመረም። የብረት መመዘኛዎቹን አምጥታ ሚዛኑን ራሱን መዘነችው፤ ሚዛኑ እንደ ቄስ ታማኝ ነው። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሰዉ መውጣት ሲጀምር፣ አንድ የቀራትን ነገር አሰበች። ዕቃ ክፍል ገባችና የካርቦኔቱን ጆንያዎች መቁጠር ጀመረች። ለሁለቱ ሙከራ መቶ ኪሎ ነው የወጣው፤ ባለ ሃያ አምስት ኪሎ ጆንያ አራት መሆኑ ነው። አራቱ ባዶ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ግን አምስተኛ ጆንያ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ተሸክማ ወስዳ መዘነችው። አራት ኪሎ ጎድሎታል።

ዘነቡ ጆንያውን ወደ ቦታው መለሰችው። ያንን ጆንያ የሚነካ ሰው አንድ ነው።

ባርት ውስጥ እትዬ ወርቂቱ ቦርሳቸውን መቀመጫ ላይ አስቀምጠው ቦታ ይዘውላት ነበር። ባቡሩ ከቤሪየሳ ጣቢያ ተነሳ።

"ምን ሆንሽ አንቺ? ፊትሽ እኮ ከሰል መሰለ" አሏት።

"እትዬ ወርቂቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝም?"

"ጠይቂኝ እንጂ። የምን መቀየም ነው?"

"ካርቦኔቱን እንዴት ነው የሚመዝኑልኝ?"

"እንዴት ማለት? እንደ ሰው ነዋ! ባልዲውን አስቀምጣለሁ፣ ዜሮ አደርገዋለሁ፣ አሥር ኪሎ ሲል አቆማለሁ፣ ቲኬቱን ፕሪንት አደርግና ባልዲው ላይ እለጥፋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እመርቅልሻለሁ።"

ዘነቡ መጀመሪያ የሰማችው ጸሎቱን ነው። እትዬ ወርቂቱ ምርቃት ከአፋቸው የማይለይ ሴት ናቸው፤ ባርት በሰዓቱ ከመጣ ሾፌሩን ሳይቀር ይመርቃሉ። "አሜን" ልትል አፏን ከፈተችና እንደተከፈተ ቀረ።

"ምን ያህል ነው የሚመርቁልኝ?" አለች ቀስ ብላ።

"አንድ መዛቂያ ነዋ። በየባልዲው አንድ አንድ።" እትዬ ወርቂቱ በእጃቸው አሳዩዋት፤ ዝቅ፣ ዛቅ፣ ገልበጥ። "አሲዱን ግን ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አልመረቅኩልሽም። ያስነጥሰኛል።"

"ቲኬቱ ከወጣ በኋላ?"

"ታዲያ መቼ ሊሆን ነው? ሳይመዘን የተጨመረ ምን ምርቃት ይባላል? ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ነው እንጂ! ለሌላው ሰው እንኳ እንደታዘዝኩት ነው የምሰጠው፣ ዝም ብዬ። አንቺ ግን የራሴ ሰው ነሽ፤ ሥራ ልትያዢ ነው። ለራሴ ሰው ልክ ልኩን መዝኜ ልስጥ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ይኼንን ንፍገት ከማን ተምሬ?"

ዘነቡ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በሆዷ፣ ፍሪሞንት ሲደርሱ ዕንባዋ እየወረደ። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አያት። እየሳቀች ስልኳን አወጣች። የጎደለው አራት ኪሎ ለሁለቱ ሙከራ እኩል ተካፍሎ አምስት መዛቂያ ሁለት ኪሎ ከሆነ፣ ታንኩ ውስጥ የገባው ሃምሳ ሳይሆን ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነው። ከሃምሳ ሁለት የሚጠበቀው ዘጠና አምስት ሳይሆን ዘጠና ስምንት ነጥብ ስምንት ነው። ዘጠና ስድስት ነጥብ ሦስት ለዚያ ሲካፈል፣ ዘጠና ሰባት ተኩል ከመቶ። ሁለተኛውም ዘጠና ሰባት ነጥብ አራት። ሙቁ ውሃ ሠርቷል! ያለችው ሆኗል! ስልኩን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ሸሻት። ቲኬቱ ላይ ያልተጻፈ ዕቃ ታንክ ውስጥ መጨመር በዚያ ፋብሪካ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ለክኒን የሚሆን ዱቄት ነው። ምክንያቱን ከተናገረች እትዬ ወርቂቱ ሥራቸውን ሊያጡ ነው። ካልተናገረች እሷ አጭበርባሪ እንደተባለች ትቀራለች። ይህንን ሳትደብቅ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

እትዬ ወርቂቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

"እኔ ነኝ አንቺን ውሸታም ያሰኘሁሽ?" አሉ።

"አያውቁማ፣ እትዬ—"

"ዝም በይ! ሃያ ሁለት ዓመት እህል በረንዳ ቆሜ በሚዛኔ የተጣላኝ ሰው የለም። ሰኞ አብሬሽ ቢሮ እገባለሁ። በእጄ የሠራሁትን በአፌ እናገራለሁ።"

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ያገኙት ሚልክያስን ነው። ዘነቡ ነገሩን በአጭሩ ልታስረዳው ሞከረች።

"እትዬ ወርቂቱ በየባልዲው እየመረቁልኝ ነበር።"

ሚልክያስ ግንባሩን ቋጠረ። ምርቃት የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ ያውቀዋል፤ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ጋውን የለበሰበት ቀን ነው፣ ሌላው አያቱ ግንባሩን ይዘው የሚያደርጉት ነው። "ዌይት" አለ። "ሺ ብሌስድ ዘ ባች?"

"ጨምረውበታል ነው የምልህ።"

"ምን ጨመሩ?" ድምፁ ቀጠነ። "ኦ ማይ ጋድ። ጸበል? ሆሊ ዋተር ነው የጨመሩት? ለዚያ ነው ዌት የሆነው?"

"ኧረ በስመ አብ በል!" አሉ እትዬ ወርቂቱ። "ደግሞ ምን ጸበል ይላል ይሄ! ምርቃት ነው የሚሉህ፣ ምርቃት! ሱቅ ገብተህ አታውቅም?"

ሚልክያስ በእርግጥም ምርቃት የሚሰጥ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። ስኳር በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ባርኮድ ተለጥፎበት በሚሸጥበት አገር ያደገ ልጅ ከየት ያምጣው? ዘነቡ ታግሣ አስረዳችው። ሻጭ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ለደንበኛው ደስ እንዲለው ላዩ ላይ የሚያክለው ነገር ነው፤ ከሂሳቡ ውጭ ነው፤ የማይመዘነውም ለዚያ ነው። ሚልክያስ እየሰማ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። የሪፖርቱ ቅጽ ላይ በእንግሊዝኛ የሚተካው ቃል አጥቶ፣ በላቲን ፊደል "ሚርቃት" ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሦስት መስመር ማብራሪያ ጨመረ።

ሚስ ትራን ቢሮዋ ውስጥ ሁሉንም ሰማች፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "መዛቂያው አራት መቶ ግራም መሆኑን በምን አወቅሽ? ሴትዮዋ በዓይናቸው ነው የዛቁት። አንዱ ሦስት መቶ፣ አንዱ አምስት መቶ ቢሆንስ? አራት ኪሎ መጉደሉን ጆንያው ነግሮሻል፤ በየትኛው ሙከራ ምን ያህል እንደገባ ግን አልነገረሽም። ዘጠና ሰባት ተኩል ያልሽው ግምት ነው።"

ጥያቄው ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ደግሞ ዘነቡን ክፉኛ አስደነገጣት። ሚልክያስ የሚስ ትራንን ጥያቄ በተሰባበረ አማርኛው ለእትዬ ወርቂቱ ሹክ አላቸው። እትዬ ወርቂቱ ዝቅ ብለው ጓንታቸውን ማጥለቅ ጀመሩ።

"ሚዛን ክፍል ትምጣ በላት" አሉት። "ና፣ አንተም ጻፍ።"

አራቱም ሄዱ። ኤርምያስም ወሬ ሸቶት ከኋላ ተከተለ። እትዬ ወርቂቱ የብረት መዛቂያቸውን አነሱ፣ ለሚዛኑ መስኮት ጀርባቸውን ሰጡ፣ እጃቸውን ጆንያው ውስጥ አስገብተው ዛቁ። ገለበጡ። ሚልክያስ አነበበ፤ አራት መቶ አንድ ግራም። እንደገና ዛቁ። ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት። እንደገና። አራት መቶ። ሚስ ትራን ወደ ሚዛኑ ጠጋ አለች። አራት መቶ ሦስት። ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። አራት መቶ። አሥር ጊዜ ዛቁ፤ ከአራት መቶው ግራም ከሦስት ግራም በላይ የራቀ አንድም አልነበረም። ሚልክያስ ደመረው።

"ፎር። ኤግዛክትሊ አራት ኪሎ!" ብሎ ጮኸ።

"አራት ኪሎ ከደረስኩማ ፒያሳ ቅርብ ነው" አሉ እትዬ ወርቂቱ፣ ሳይዞሩ።

ኤርምያስ ሳቁ አመለጠው። ሚስ ትራን ግን ያንን አሥር ቁጥር አንድ በአንድ እያየች ነበር። አይታ ስትጨርስ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እትዬ ወርቂቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው፣ ሁለት ቀን ሥልጠና ታዘዘላቸው፤ ሚዛን ክፍሉ ግን የእሳቸው እንደሆነ ይቀጥላል ተባለ። እንዲህ ዓይነት እጅ ያለው ሰው ከሚዛን አያርቁትም። ለዘነቡ ደግሞ ሦስተኛው ሙከራ ተፈቀደላት።

እሮብ ጠዋት ዘነቡ ነጩ ሰሌዳ ፊት ቆመች። ታንኩ ገና እየጠጣ ነው፤ አምስቱ ባልዲ አሥር አሥር ኪሎ፣ አንዲት ግራም ሳይመረቅባቸው፣ ሚልክያስ እያየ ገብተዋል። እስክሪብቶውን አነሳችና ሁለት ቁጥር ጻፈች። የሚጠበቀው፣ 95.0። የምናገኘው፣ 92.6።

ኤርምያስ መጥረጊያውን ተደግፎ አነበበ። "ምነው፣ ቀድመሽ ጻፍሽው? ዱቄቱ ሳይወጣ?"

"ከወጣ በኋላማ ማንም ይጽፈዋል።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ አንተ ታጠፋዋለህ፤ ዳስተሩ እዚያው ነው" አለችው። ቁጥር ቀድሞ መጻፍ ማለት ማምለጫውን በር በራስ ላይ መዝጋት ነው። አውቃ ነው የዘጋችው።

ታንኩ ተፍለቀለቀ፣ አረፋው ወረደ። በሙቁ አጣሩት፣ በሙቅ ውሃ አጠቡት፤ እንፋሎቱ መነጽሯን ሸፈነው። ማድረቂያ ገባ። ከምሳ በኋላ እርጥበት መለኪያው ደርቋል አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማድረቂያው ሰሃኖች አንድ በአንድ እየወጡ ሚዛን ላይ ወደተቀመጠው በርሜል መገልበጥ ጀመሩ። ጥሪ ሳይደረግ ሰዉ ተሰበሰበ፤ የማሸጊያ ክፍሉ ሳይቀር መጣ።

አርባ። ስድሳ ሁለት። ሰማንያ። ሰማንያ ስድስት ተኩል ላይ ሲደርስ ኤርምያስ ጓንቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጥሩ የሚቆመው እዚህ ላይ ነበር። አሁን ገና ሁለት ሰሃን ይቀራል። አንደኛው ተገለበጠ፤ ዘጠና ነጥብ አንድ። ዘነቡ ሁለተኛውን ሰሃን ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ይዛ መጣች፤ ሰሃኑን በብሩሽ ጠራርጋ ገለበጠች፤ ከሚዛኑ ወደ ኋላ ራቅ አለች።

ቁጥሩ ትንሽ ተርገበገበና ቆመ። ዘጠና ሁለት ነጥብ ሰባት።

ሚልክያስ ስልኩ ላይ አካፈለው፤ እንደገና አካፈለው። "ናይንቲ ሰቨን ፖይንት ሲክስ" አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ በአማርኛ፣ "ዘጠና ሰባት ነጥብ ስድስት! ልክ ናት! ከጠዋት ጀምሮ ልክ ነበረች!"

ያን ጊዜ እትዬ ወርቂቱ እልልታውን ለቀቁት። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ በአራቱም ማዕዘን ዞሮ ተመለሰ። ከማሸጊያ ክፍል የመጡት ሰዎች አደጋ መስሏቸው ግማሾቹ ወደ መውጫው በር ሮጡ፤ ከመካከላቸው አንዷ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ልትጫን ስትል ሚልክያስ እጇን ያዘ። ሚስ ትራን፣ ያቺ ቁጥር እንጂ ሌላ የማትወድ ሴት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ዘነቡ ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሰውነቷ ሁሉ ቀለላት። አምስት ዓመት የተሸከመችውን ነገር እዚያ በርሜል ውስጥ ያራገፈችው መሰላት። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት፤ ደስታዋን ደግሞ ማንም እንዲቀንስባት አልፈለገችም።

ሚስ ትራን ከቢሮዋ የሥራ መመሪያውን አዲስ ገጽ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "በቀዝቃዛ ውሃ" የሚለው መስመር ወጥቷል፤ "በሙቅ ውሃ" ገብቷል። የሚጠበቀው ውጤት፣ ከመቶ ዘጠና ሰባት። ከሥሩ "ያዘጋጀው" የሚል ባዶ መስመር አለ።

"ስምሽን ሙሉውን ጻፊው" አለቻት። "የአባትሽንም። ከሰኞ ጀምሮ ይህ ክፍል የሚሠራው በዚህ ስም ነው።"

ዘነቡ ጻፈች። ፊደል ሳትዘል፣ ሳትቸኩል ጻፈች። ሰዉ አጨበጨበላት፤ እትዬ ወርቂቱ ሁለተኛ እልል ሊሉ ሲሉ ሚልክያስ እየለመነ አስቆማቸው።

ጭብጨባው ሲበርድ ኤርምያስ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ዳስተሩን አነሳ፤ ቁጥሮቹን ግን አልነካም። ዳስተሩን እንደያዘ፣ አፍሮም ይሁን ገርሞት፣ ጀርባውን እንደሰጠ፣ "እሺ፤ አሁንስ ምን ልሥራ?" አለ።

ዘነቡ የሰሌዳውን ሁለት ቁጥር አየች፤ በርሜሉን አየች።

"ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ገና ቀርቶናል" አለችው። "አብዛኛው ማጣሪያው ጨርቅ ላይ ያለ ይመስለኛል። ፍታውና እንየው።"

ኤርምያስ ዳስተሩን አስቀመጠና ጨርቁን ሊፈታ ሄደ።